«ነፃ»፣ «ተገኘ»፣ «ጤናማ»፦ ስለ ላቦራቶሪ ውጤት አተረጓጎም

የሕክምና ትምህርት በአገራችን የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የላቦራቶሪ ውጤት ለታማሚው የሚነገረው ግን በእንግሊዝኛ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. በኮሌጅነት ተመሥርቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በዲላ የሚሠለጥን ተማሪ ውጤቱን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ በአማርኛ ይተረጉማል፤ ታማሚው አማርኛ የማይሰማ ከሆነም ቃሉ በአስተርጓሚ አፍ ወደ ጌዴኡፋ ይሻገራል። እኛን ያሳሰበን መካከለኛው እርከን ነው።

«ኔጋቲቭ»ን «ነፃ» ማለት ተለምዷል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ዕዳ እንደተሰረዘለት ሰው ያሳርፋል። ስሕተቱም እዚያው ላይ ነው። ወደ አባያ ሐይቅ ከሚያዘነብለው ቆላ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የወባ ተሕዋስ ባይገኝበት፣ የታወቀው በተመረመረው ጠብታ ውስጥ አለመታየቱ እንጂ በገላው ውስጥ አለመኖሩ አይደለም። ትኩሳቱ ካልለቀቀው ምርመራው መደገም አለበት፤ «ነፃ» የተባለ ሰው ግን ለምን ይመለሳል? «አልታየም» የሚለው ቃል ውበት ይጎድለዋል፤ ቢሆንም ከታየው አልፎ አይናገርም።

«ተገኘ»ም እንዲሁ ያሳስታል። የዊዳል ምርመራ የሚለካው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም፤ ያለፈ ሕመም ወይም ሌላ ተዛማጅ ተሕዋስም ያንኑ ምልክት ሊሰጥ ይችላል። «ታይፎይድ ተገኘብህ» ሲባል እንግዲህ ማንም ያልፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን «ኖርማል»ን «ጤናማ» ብሎ መተርጎም ነው። በውጤት ወረቀቱ ጎን የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች በልማድ ከ100 ጤነኞች 95ቱ የሚያርፉበት ወሰን ናቸው፤ 5ቱ ጤነኞች ከዚያ ውጭ ይወድቃሉ። እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎች የታዘዙለት ጤነኛ ሰው ቢያንስ በአንዱ ከወሰን የመውጣት ዕድሉ ወደ 64 በመቶ ይደርሳል። ይህን ሰው «ጤናማ አይደለህም» ልንለው ነውን? በተቃራኒውም፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ካለው የቡሌ ደጋ የወረደች፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር 12.5 ግራም ቢሆን ከተለመደው የ12 ግራም መለያ በላይ ናት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለከፍታ ያወጣው ማስተካከያ ሲሰላ ግን ከዚያ በታች ትወርዳለች። «ጤናማ» የሚለውን የተማረ ተማሪ ደም ማነሷን ሳያስተውል ይሸኛታል።

እኛ «መነጻጸሪያ ወሰን» እንዲባል እናሳስባለን። «ክልል» እንዳንል ቃሉን አስተዳደሩ ቀድሞ ወስዶታል። ተማሪው «ከመነጻጸሪያ ወሰን ውስጥ ነው» ብሎ ሲናገር «የማን ወሰን?» የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል፤ «ጤናማ» ይህን ጥያቄ ይዘጋል። የጌዴኡፋው አቻ ግን ከቋንቋው ተናጋሪዎች እንጂ ከእኛ ጽሕፈት ጠረጴዛ የሚወጣ አይሆንም።