የፓሪሱ ወንፊት

ፓሪስ በሚገኘው የሴንት አን ሆስፒታል፣ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ያገለገለ አንድ መሣሪያ አለ። ስለሚጥል በሽታ ምርምር ባነበብኩ ቁጥር ልቤ የሚቀረው እሱ ላይ ነው። ሲያዩት ቀላል ነው፦ ከታማሚው ራስ ግራና ቀኝ የሚቆሙ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሱ ሁለት ሰሌዳዎች። የግራው ቀዳዳ ሁሉ ከቀኙ ጋር አንድ ለአንድ ይገጥማል።

የመሣሪያው አባት ዣን ታሌራክ ከአእምሮ ሕክምና ወደ አንጎል ቀዶ ሕክምና የተሻገረ ሐኪም ነበር፤ የሥራ ጓዱ ደግሞ ዣን ባንኮ። የገጠማቸው ችግር ከባድ ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሰፊ ነው፤ ከፊሉ በሁለቱ የአንጎል ግማሾች መካከል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከፊሉም ከዓይን ጕድጓድ በላይ ተጋድሟል። በሽታው ከዚያ ሲነሣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ለመመዝገብ የራስ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኢኢጂ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። ስለዚህ መመዝገቢያውን ኤሌክትሮድ ወደ ውስጥ ማስገባት ግድ ሆነ፤ መንገዱን ለመምረጥ ደግሞ መጠን የማያዛባ ራጅ ያስፈልጋል።

ኩራዝ አጠገብ ያለ እጅ ጥላው ግድግዳው ላይ ይገዝፋል፤ ከቅርብ የተነሣ ራጅም እንዲሁ መጠን ያዛባል። ታሌራክ የራጅ ቱቦውን ብዙ ሜትር አራቀው፤ ጨረሩ ቀጥ ብሎ መጣ። ሰሌዳዎቹ ልክ ከሆኑ ሁለቱ ቀዳዳዎች ተደራርበው ፊልሙ ላይ አንድ ክብ ይሆናሉ፤ ዝንፍ ካሉ ወዲያው ያስታውቃል። ግንበኛ ግድግዳውን በቱምቢ እንደሚፈትን፣ ይህ መሣሪያ ራሱን ይፈትናል። ቀጥሎ የደም ሥሮቹ በራጅ ይነሡና፣ ሥር የማይነካው ቀዳዳ ይመረጣል። ኤሌክትሮዱ በዚያ ቀዳዳ ይገባል፤ ዛሬ ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚውለው ኤሌክትሮድ ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

የሰው የራስ ቅል ቅርጽ ስለሚለያይም፣ ታሌራክ አጥንቱን ትቶ አንጎል ውስጥ ባሉ ሁለት ትናንሽ መገናኛዎች መካከል መስመር አሰመረ፤ ልኬቱን ሁሉ ከዚያ ጀመረ። በ1988 ከፒየር ቱርኑ ጋር ያሳተመው አትላስ በአንዲት ሴት አንጎል ላይ መመሥረቱ ይነቀፋል፤ ነቀፋው ተገቢ ነው። መስመሩ ግን እስካሁን መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ የባንኮ ዓይን ነው። ከፊተኛው የአንጎል ክፍል የሚነሣ ሕመም ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ላይ ይመጣል። ታማሚው ድንገት ይጮኻል፣ እግሮቹ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ይፈራገጣሉ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልፍና ወዲያው ወደ ልቡ ይመለሳል። ስንቱ ቅዠት ነው፣ ስንቱ የጠባይ ነው ተብሎ ታልፏል! ባንኮ ግን ቅደም ተከተሉን ያዘ። ዓይኑ ነው የዞረው ወይስ ክንዱ ነው የቀደመው? በዚያች ቅጽበት የትኛው ኤሌክትሮድ ለውጥ አሳየ? ለሌላው ግርግር የመሰለው ለእሱ የሚነበብ መስመር ሆነለት። በ1965 ዘዴውን በመጽሐፍ አወጡት፤ በ1992፣ ባንኮ ከማረፉ ከአንድ ዓመት በፊት፣ የዚህን ሕመም ምልክቶች ከታሌራክ ጋር ዘርዝሮ ጻፈ።

እናንተም ቤት ሌሊት ሌሊት በተመሳሳይ መንገድ እየተፈራገጠ የሚነሣ ሰው ካለ፣ በስልካችሁ ቅረጹትና ለነርቭ ሐኪም አሳዩ። በተቻለ መጠን ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምራችሁ ቅረጹ።