ስለ ወሬና ስለ እጅ ስልክ

ሰው ያለ ወሬ አይኖርም። በጎረቤት፣ በገበያና በአገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለሰው እንደ እህልና እንደ ውሃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወሬ ራሱ ነውር አይደለም። ዳሩ ግን አስተዋይ ሰው ምንጩን ሳያውቅ ውሃ እንደማይጠጣ ሁሉ፣ የወሬውንም ባለቤት ሳያውቅ ሊቀበል አይገባውም። በዚህ ጽሑፍ የምነቅፈው ባለቤት የሌለውን ወሬ ነው፤ ይልቁንም እንዲህ ያለውን ወሬ በዓይናችን እንዳየነው አድርገን የምንቀበልበትን የእጅ ስልክ ልማዳችንን ነው።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ጥንቁቆች እንደ ነበሩ ቋንቋችን ይመሰክራል። «እገሌ ታመመ» ማለትና «እገሌ ታመመ አሉ» ማለት አንድ አይደለም። የፊተኛው ምስክርነት ነው፤ የኋለኛው ግን «እኔ አላየሁም፤ የሰማሁትን ነው» ማለት ነው። «አሉ» የምትለው ትንሽ ቃል የሰሚውን ልብ ከችኮላ የምትጠብቅ ዘበኛ ናት። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚለውም ተረት የመጣው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው።

በምሥራቅ የወሎ ጎረቤት የሆነው የአፋር ሕዝብ ደግሞ ይህን ጥንቃቄ ሥርዓት አበጅቶለታል። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ እንዲሁ አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው «ዳጉ» የሚባለውን ወሬ ይለዋወጣሉ። ሰሚው የሰማውን በኋላ ለሌላው የሚያደርስ ነውና ነገሩ ታይቶ ነው ወይስ ተሰምቶ፣ ከማንስ ተሰምቶ ብሎ ይጠይቃል። ሐሰት ያወራ ሰው በወገኑ ዘንድ ይነቀፋል።

በእኛም በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት ደጋ፣ መንገዱ ራሱ ወሬን ያጠራ ነበር። ከዓባይ ገደል አፋፍ የተነሣ ሰው መካነ ሰላም ገበያ እስኪደርስ ዳገቱና ቁልቁለቱ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። እርሱ ያመጣውን ወሬ በሌላ መንገድ የመጣ ሌላ ሰው ያጸናዋል ወይም ያፈርሰዋል። መዘግየቱ ችግር ነበረ፤ ነገር ግን እንደ ወንፊት ሆኖ ገለባውን ያስቀር ነበር። ዛሬ ወንፊቱ የለም። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው የጻፈው ነገር በዚያው ደቂቃ ከእረኛው ኪስ ይገባል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እኔ የስልክ ጠላት አይደለሁም። ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ እንድትደርስ መኪና ይጠራበታል፤ ገበሬው የበግና የጤፍ ዋጋ ይጠይቅበታል፤ ተማሪው በትምህርት ቤቱ የሌለውን መጽሐፍ ያነብበታል። ይህ ሁሉ በረከት ነው። ነቀፌታዬ ያለው ስልኩ «አሉ» የምትለውን ቃል ስለ ሰረቀን ነው። ወሬው ዛሬ በፎቶግራፍና በተንቀሳቃሽ ሥዕል ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ ያልነበርንበትን ነገር «አየሁ» እንላለን። ዳሩ ግን ያየነው ነገሩን ሳይሆን ሌላ ሰው መርጦና ቆርጦ ያቀረበልንን ሥዕል ነው።

ሥዕል ሊያሳስት መቻሉን ወሎ ከማንም በፊት ልታውቀው የሚገባ ነገር ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በተሻሩበት ጊዜ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ክስ ቀርቦባቸው ነበር፤ በሙስሊም ልብስ የሚያሳዩአቸው ፎቶግራፎችም ይዘዋወሩ ነበር። ከነዚህ ፎቶግራፎች አንዳንዶቹ የተቀነባበሩ ናቸው ብለው የጻፉ የታሪክ ሰዎች አሉ። የሽረቱ ምክንያት ብዙ ስለ ሆነ ነገሩ ሁሉ በፎቶግራፍ መጣ አልልም። ነገር ግን ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በሰገሌ ሜዳ ከወሎም ከሸዋም ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ከሞቱትና ከገደሉት መካከል ስንቱ ነው ያንን ሥዕል ማን እንዳነሣው የጠየቀ?

እውነተኛ ሥዕልም ቢሆን በአጠገቡ በሚቀመጠው ይተረጎማል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረሃብ ቀርጾ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። መንግሥት ረሃቡን ሸሽጎት ስለ ነበር ይህ ፊልም ታላቅ ውለታ ዋለ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ግን ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት የግብዣ ሥዕል ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋው መቀስ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። በዚያ ጊዜ ይህን ለማድረግ መንግሥት መሆን ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ስልክ ያለው ልጅ ሁሉ ይችለዋል። የሌላ አገር ሬሳ የእኛ ነው ተብሎ ይላካል፤ የዱሮ ቃጠሎ የዛሬ ጧት ነው ይባላል፤ ያልተናገረውን ሰው በገዛ ድምፁ የሚያናግር መሣሪያም ተገኝቷል።

ልማዳችንን እንመልከት። ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ፈጣሪውን ሳያመሰግን፣ ፊቱንም ሳይታጠብ ስልኩን ይከፍታል። ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ እንግዳው አንገቱን ደፍቶ ጣቱን ያንሸራትታል። የተቆጣበትን ወሬ አንብቦ ሳይጨርስ ለሃምሳ ሰው ያስተላልፋል። በቡና ላይ የዋሸ ሰው በማግስቱ ያንኑ ጎረቤት ስለሚያገኘው ያፍራል፤ በስልክ ያስተላለፈ ግን ማንን ያፍራል? የነዚህ የመገናኛ ኩባንያዎች ትርፍ ደግሞ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል በመቆየቱ ስለ ሆነ፣ የሚያስቆጣውና የሚያስደነግጠው ወሬ ከሰላማዊው ይልቅ ይቀርብለታል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ አንጣል። በአሜሪካ የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች በትዊተር የተዛመቱ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ሐሰቱ የመተላለፍ ዕድሉ ከእውነቱ በ70 በመቶ የበለጠ ሆኖ አገኙት። ይህም የሆነው በዋናነት በሰዎች ፈቃድ እንጂ በራሱ በሚሠራ መሣሪያ እንዳልሆነ ገለጹ። አዲስና አስደናቂ ነገር ስለምንወድ ሐሰቱን የምንሸከመው እኛው ነን።

የዚህም ዋጋ የሰው ነፍስ ነው። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ በሜጫ፣ አዲስ ዓለም በተባለች ከተማ ለጤና ጥናት የሄዱ ባለሙያዎች ነበሩ። ልጆቻችሁን በመርዝ ሊወጉ መጡ የሚል ወሬ ተነሣ፤ ሕዝቡም ተሰብስቦ ሁለቱን ተመራማሪዎች ገደለ። የገደሉአቸው ሰዎች ልጆቻቸውን የሚወዱ ነበሩ፤ ልጅን መውደድ ግን ከመጠየቅ ጋር ካልተጣመረ እጅን ከደም አያድንም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ማን አየ?» ብሎ የሚጮህ ጥቂት ሰው በርትቶ ቢገኝ ኖሮ፣ ሁለት ቤት ባላለቀሰ ነበር።

አንዳንዶች «መድኃኒቱ ሕግ ነው» ይላሉ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዳኛ የሚደርሰው ወሬው ከሮጠ በኋላ ነው። ሌሎች «መስመሩን መዝጋት ነው» ይላሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ፤ ወሬ ግን በዚያ አልቆመም። ሰው ስለ ዘመዱ ደኅንነት የሚጠይቅበትን በር ስትዘጋበት በጨለማ የሚሰማውን ሁሉ ያምናል። ዝምታ የሐሰት እናት እንደ ሆነች በረሃቡ ዘመን አይተናል።

ስለዚህ ዘበኛው በልብህ ውስጥ ይቁም። አንድ ወሬ በደረሰህ ጊዜ፣ ይልቁንም ደስ ሲልህ ወይም ሲያቃጥልህ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ። ይህን ያለው ማን ነው፣ እርሱስ አይቶ ነውን? ሥዕሉ የት ቦታና በየትኛው ቀን የተነሣ ነው? ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳው ማን ነው? መልስ ካጣህ ወሬው ከአንተ ዘንድ ይቅር። ማስተላለፍ ግድ ከሆነብህም «እኔ አላየሁም» ብለህ የተሰረቀችውን «አሉ» መልስለት። ያስተላለፍኸው ሐሰት ሆኖ ከተገኘም ለዚያው ለላክህለት ሰው ሁሉ ልከህ አርመው፤ በዚህ ሰው ይከበራል እንጂ አይዋረድም።

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት በወሎ ምድር ሰላም የኖረው ሰው ስለ ጎረቤቱ ክፉ ሲነገረው ሄዶ ጎረቤቱን ራሱን ስለሚጠይቅ ነው። ስልክ ያለህ ልጅ ሆይ፤ ጎረቤትህ ዛሬም ከአጥርህ ማዶ ነው። ከማስተላለፍህ በፊት ተነሣና ጠይቀው።