«ዘንድሮ ስንት ገባ?»

የታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ሲመጣ በኮልፌ ከአጠና ተራ ወደ 18 ማዞሪያ የሚወስደው መንገድ ሌላ መልክ ይይዛል። ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ከሰው እጅ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለው ይጓዛሉ። በግ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሠፈሩን ከላይ እየቃኘ ያልፋል። ሽንኩርት በየሸራው ላይ ይቆለላል፤ ቄጠማ ሻጮች እርጥቡን እስር በየማዞሪያው ይዘረጋሉ። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቼ፣ በሰው ትከሻ ተገፍትሬ ቤቴ ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት፣ ያው ገበያ በዜና መልክ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ዘገባውን አንባቢም ያውቀዋል። ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን ለሻጭ ይዘረጋና «ዶሮ ስንት ገባ?» ይላል። ሻጭ ይናገራል። ቀጥሎ ገዢ ይመጣና ካለፈው ዓመት መጨመሩን፣ ቢሆንም እንደ አቅሙ እንደሚውል ይገልጻል። ከዚያ ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ኃላፊ በቂ አቅርቦት እንዳለ፣ በሰው ሠራሽ እጥረት ፈጣሪዎች ላይም እርምጃ እንደሚወሰድ ያስታውቃል። በመጨረሻ አንድ በግ ይጮሃል፤ «መልካም በዓል» ይባላል፤ ዘገባው ያልቃል።

የሂስ ገጽ ስለ ልቦለድና ስለ ግጥም እንጂ ስለ ሽንኩርት ዜና ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ ግን አጭር ነው። በየዓመቱ በተመሳሳይ መክፈቻ፣ በተመሳሳይ ገጸ ባሕርያትና በተመሳሳይ መዝጊያ የሚቀርብ፣ ከማንኛውም ልቦለድ የበለጠ ሕዝብ የሚያየው ትረካ ካለ ይኼው የበዓል ገበያ ዘገባ ነው። ትረካ ከሆነ ደግሞ እንደ ትረካ ሊመረመር ይገባዋል። እኔም መርምሬው ሦስት ነገር ጎድሎት አገኘሁ።

የመጀመሪያው ጉድለት ዋጋን የዕቃ ዋጋ አድርጎ እንጂ የቤት ዋጋ አድርጎ አለማየቱ ነው። ዶሮ ስንት ገባ ብሎ መጠየቅ ዶሮ ወጥ ስንት ገባ ብሎ መጠየቅ አይደለም። አሥራ ሁለት ብልት የሚወጣላት አንዲት ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ትጠይቃለች፤ ቅቤ ትጠይቃለች፤ በርበሬ፣ ዕንቁላል፣ ኮረሪማ፣ ከሰል ወይም መብራት፣ ከሁሉም በላይ የአንዲት ሴት ሙሉ ቀን ትጠይቃለች። ይህ ሁሉ ደግሞ በአንድ ቀን አይገዛም። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ጌሾና ብቅሉን በዓሉ ገና ሳምንታት ሲቀሩት ያስባል። በርበሬው ከወራት በፊት ተፈጭቷል። ቅቤው ለጋ ይሁን መካከለኛ ወይስ በሳል የሚለው ጉዳይ የጣዕም ብቻ ሳይሆን የኪስ ውሳኔ ነው። ሽንኩርት ቶሎ ቢገዛ ይበሰብሳል፤ ቢዘገይ ይወደዳል። ዶሮም ቀድማ ብትመጣ ጥሬ ትበላለች፤ ጓሮ የሌለው ተከራይ ደግሞ የት ያሳድራታል? እንግዲህ ይህ ሙሉ የዘመቻ ዕቅድ ነው። ዕቅዱን የምታወጣዋ ሴት ግን በዘገባው ውስጥ የምትታየው ዶሮ አንሥታ ስትመዝን ለሦስት ሰከንድ ያህል ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ምክንያትን በአንድ ክፉ ሰው መተካቱ ነው። የዘገባው ክፉ ሰው «ስግብግብ ነጋዴ» ይባላል። የሚሰገበገብ ነጋዴ የለም አልልም፤ ደላላውንም አውቀዋለሁ። ነገር ግን ሁሉን በእሱ ላይ መጫን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆናል። ገና የሚመጣው ከኅዳር 15 ጀምሮ ከስድስት ሳምንት በላይ ሥጋ፣ ቅቤና ዕንቁላል ሳይነካ ከተጾመ በኋላ ነው። ያን ያህል ጊዜ ታፍኖ የቆየ ፍላጎት በሁለት ቀን ውስጥ ገበያ ሲወጣ ምን ይሆናል? ሽንኩርቱስ ከየት ይመጣል? ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ከኮልፌ ፒያሳ ወርዶ መመለስና የከተማውን ደቡባዊ ጫፍ አካሎ መመለስ አንድ አይደለም። ያች የትራንስፖርት ሒሳብ ጠሮ ሠፈር መደብ ላይ የተቆለለችው ሽንኩርት ውስጥ ገብታለች። ከዚህም በላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው በዶላር የሚመጣ አገር ውስጥ በጉ ብቻ በብር ሊቆይ አይችልም። ዘጋቢው እነዚህን ነገሮች በዜናው የኢኮኖሚ ክፍል ይነግረናል፤ በበዓሉ ክፍል ግን ይረሳቸዋል። ሁለቱ ዜናዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀርበው እንኳ አይተዋወቁም።

እዚህ ላይ ዘጋቢዎቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጽሑፋችንም ቢሆን ከዚህ ሐሜት አያመልጥም። ባነበብኋቸው የአማርኛ ልቦለዶች ውስጥ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጋበዛል፤ ሲገዛ ግን እምብዛም አይታይም። እንጀራው ከሰማይ ይወርዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚህ ወቀሳ ነጻ ከሚወጡት ጥቂቶች አንዱ ናቸው። በ1958 ዓ.ም በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ክብር ብቻ አላሳዩንም፤ የዚያን ክብር ወጪ የሚሸከሙት ባላገሮች በአበጀ በለው መሪነት እንቢ ሲሉም አሳይተውናል። ግብሩን ማን እንደበላ ብቻ ሳይሆን ማን እንደከፈለው የጠየቀ ድርሰት ያ ነው።

ከውጭውም ዓለም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲከንስ በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገና ትረካው ውስጥ የጸሐፊው የቦብ ክራቺት ቤተሰብ በሳምንት 15 ሽልንግ ይተዳደራል። ዝይዋ የምትጠበሰው ዳቦ ቤት ተልካ ነው። ጣፋጩ ምግብ ለቤተሰቡ ብዛት ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱን ግን ከቤተሰቡ አንድም ሰው አያነሣም። የዲከንስ ጥበብ እዚህች ዝምታ ላይ ነው ያለው። ዋጋ አልጠራም፤ ነገር ግን ድህነቱ ስንት እንደገባ አንባቢው ይገባዋል። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ድሆች «የዝይ ማኅበር» የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጡ ለገና ዝይ የሚገዙበት ነው። እኛ ዕቁብ የምንለው መሆኑ ነው።

ወደ ሦስተኛውና ዋነኛው ጉድለት ልምጣ። ዘገባው ገበያ የመጡትን ብቻ ይጠይቃል። ያልመጡትን አይጠይቅም።

ይህን ያስተማረኝ የሠፈራችን ቅርጫ ነው። ዐሥር አባወራዎች ሆነን አንድ በሬ የምናርድበት፣ ለዓመታት የቆየ ቅርጫ አለን። ሥጋው በየመደቡ ይከፈላል፤ ከጎድኑም፣ ከሽንጡም፣ ከጉበቱም ለሁሉም እኩል ይዳረሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ቁልፍ ወይም ጠጠር ይሰጥና አከፋፈሉን ያላየ ልጅ ተጠርቶ ዕጣውን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ፊት የበሬው ቆዳ ተሽጦ ለባለቢላዎቹ ዋጋ ይሆን ነበር፤ «ቆዳ አለ!» እያለ በየደጁ የሚዞረው ሰው ከጠፋና ቆዳው በየመንገዱ መጣል ከጀመረ ወዲህ ግን እሱም ከኪስ የሚወጣ ሆኗል።

በ2017 ዓ.ም ገና ሰባት ሆንን። ሦስቱ አልጨመረብንም፣ አልቻልንም አላሉም። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ቦታ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ፤ «ዘንድሮ ዘመድ ጋ ነው የምንውለው» አሉ። በበዓሉ ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በአንዱ ደጅ ሳልፍ በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ግን የሕፃናት ድምፅ ይሰማል። ላንኳኳ አልኩና ተውኩት። ባንኳኳ የማሳፍራቸው መሰለኝ፤ ባለማንኳኳቴ ደግሞ እኔው አፍሬ ቀረሁ። የዚያን ዓመት የገና ዋጋ «ዘመድ ጋ ነው የምንውለው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ነበረች። በየትኛውም ዜና ላይ አልሰማኋትም።

በመስከረም 2018 የቅርጫችን ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ፣ ሰበሰቡን። ሦስቱንም በየቤታቸው ሄደው ሊጠይቁ እንዳሰቡ ነገሩን። ከመካከላችን አንዱ፣ «ጋሼ፣ ሰዎቹን ባያስጨንቋቸውስ? በሬ የሚወርድ አይደለም» አላቸው።

«በሬው ይነስ እንጂ ሰው አይነስ» አሉ።

ሐሳባቸው ቀላል ነበር። በታኅሣሥ አንድ ጊዜ ከባድ ገንዘብ ከምናወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናዋጣ፤ በሬውም በበዓሉ ዋዜማ ሳይሆን ጾሙ ሳይጋመስ ይገዛና አንዱ ግቢ ይክረም፤ ለመኖው ተራ እንግባ። የምናርደውም እንደ ድሮው ለወሬ የሚበቃ ሰንጋ ሳይሆን የሚበቃን በሬ ይሁን። ገና ካለፈ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጥምቀት እንደሚመጣ፣ ጥር ደግሞ ረጅም ወር መሆኑን አስታወሱን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም እንተርተው ነበር፤ በወር ተከፋፍሎ ሲሠራ ግን ያየሁት ያኔ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያለ አንዲት የዋጋ አኃዝ ስጽፍ ደብተሯን አስቤ ነው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከ1986 ጀምሮ የየዓመቱን የገና አስቤዛ የምትጽፍበት፣ በጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ደብተር አላት። የመጀመሪያው ገጽ «ዶሮ 2፣ ሽንኩርት 6 ኪሎ፣ ቅቤ 2 ኪሎ፣ ዕንቁላል 24» ይላል። የ2018ቱ «ዶሮ 1፣ ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ቅቤ ግማሽ ኪሎ፣ ዕንቁላል 12» ይላል። እርግጥ ነው፣ እህቶቼ አግብተው ወጥተዋል፤ የሚበላው ሰው ቀንሷል። ልብ ብሎ ለሚያነብ ግን ዶሮው፣ ሽንኩርቱና ዕንቁላሉ በግማሽ ሲቀንሱ ቅቤው ወደ ሩብ ወርዷል። የወጡ ቅባት ሲሳሳ የኖረበት ታሪክ በእርሳስ ተጽፎ ተቀምጧል።

አንድ ቀን «እማዬ፣ ዋጋውን ለምን አትጽፊውም?» አልኳት።

«ዋጋውማ መቼ ይረሳል? የሚረሳው ስንት እንደሚበቃን ነው» አለችኝ።

ከብዙ የገበያ ዘገባ ይልቅ ይህችን ደብተር የማከብረው ስለዚህ ነው። ዋጋ በማግስቱ ያረጃል። የመቶ ብር ኖት ትልቁ ብራችን በነበረበት ዘመን የተነገረ ዋጋ፣ ከ2013 ወዲህ የሁለት መቶውን ኖት ለያዘ እጅ ሳቅ ነው። መጠን ግን አያረጅም፤ ምን ያህል እንደኖርን ይናገራል። ለዘጋቢዎቻችን ልመክር የምደፍረውም ይህንኑ ነው። አንድ ዓመት እንኳ ማይክራፎኑን ከበጉ ላይ አንሥታችሁ ወደ አንድ ቤት ግቡ፤ ካለፈው ዓመት ምን ቀነሳችሁ፣ ምንን አንቀንስም አላችሁ፣ ከማን ጋር ትበሉ ነበር፣ አሁንስ ከማን ጋር ትበላላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው ከመልሱ ውስጥ ራሱ ይወጣል።

የ2018 ገና ረቡዕ ዋለ። ከሦስቱ ጎረቤቶቻችን ሁለቱ ተመለሱ፤ አንዱ ተከራይ ስለነበር ሠፈር ለቆ ሄዷል። በሬው ትንሽ ነበር፤ ትንሽነቱን ግን ማንም አላነሣም። መደቤን በሣፋ ይዤ ስገባ እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሽንኩርት ታቁላላ ነበር።

«ዘንድሮ ስንት ገባ?» አለችኝ።

የደረሰብኝን ብር መናገር ጀመርኩ። ማማሰያዋን አንሥታ አስቆመችኝ።

«ብሩን ማን ጠየቀህ? ቅርጫው ስንት ሰው ገባ ነው የምልህ።»

«ዘጠኝ» አልኳት።

«ይሁን» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።