የባንድ ድምፅ ለብቻው ሲወጣ

በእኛ ሙዚቃ አልበም የሚጠራው በድምፃዊው ስም ነው። ሮሃ ባንድ ስንቱን ዘፋኝ እንዳጀበ የሚያውቅ ሰው እንኳ ካሴቱን የሚያስታውሰው በዘፋኙ ነው። በሃርድ ሮክና በሄቪ ሜታል ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስሙም፣ ታሪኩም፣ ደጋፊውም የባንዱ ነው፤ ድምፃዊው የቱንም ያህል ቢገን ከአምስት ከስድስት ሰው አንዱ ነው። ስለዚህ አንጋፋ የሮክ ድምፃዊ ለብቻው አልበም ባወጣ ቁጥር ሚዛኑ ይዛባል። አንዱ አድማጭ «ያው የባንዱ ሥራ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል፤ ሌላው «ባንዱን አይመስልም» ብሎ ይቀየማል። እኔ የምመርጠው ሚዛን ሌላ ነው፦ ይህ ድምፅ በባንዱ ውስጥ ያላገኘው ቦታ ምን ነበር? በዚህ አልበም ላይስ አገኘው ወይ?

ሚዛኑን ለመሞከር ከብሩስ ዲኪንሰን የተሻለ ማሳያ አላውቅም። እንግሊዛዊው ድምፃዊ አይረን ሜይደን የተባለውን ባንድ የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ በ1993 ወጣ፣ በ1999 ተመለሰ። በባንዱ ውስጥ ሆኖም ከባንዱ ውጭም ሆኖ ከ1990 እስከ 2024 ድረስ ሰባት የስቱዲዮ አልበሞች ለብቻው አሳትሟል። የሜይደን ሙዚቃ የተገነባው በመሥራቹ በስቲቭ ሃሪስ ቤዝ ጊታር ዙሪያ ነው። ቤዙ እንደሚጋልብ ፈረስ ይሮጣል፤ ግጥሙ ቃላት የታጨቁበት ነው፤ ዜማው ብዙ ጊዜ የጊታሩን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። ከ1999 ወዲህ ደግሞ ጊታሮቹ ሦስት ሆነዋል። ድምፃዊው በዚህ መሐል ሲዘፍን ዋናው ሥራው ከላይ መድረስና ከሩጫው ወደኋላ አለመቅረት ነው። ዲኪንሰን ይህን እንደሚችል ዓለም ካወቀ ቆየ። በሜይደን ውስጥ እምብዛም ያላገኘው ዝግታን፣ ዝምታንና ዝቅ ያለ ድምፅን ነው።

ማስረጃው በሁለቱም ወገን የተቀረፁት ዘፈኖች ላይ አለ። በ1989 ለአንድ አስፈሪ ፊልም ለብቻው የሠራውን «ብሪንግ ዩር ዶተር ቱ ዘ ስሎተር» ሃሪስ ሰምቶ ለባንዱ ወሰደው፤ ባንዱ እንደገና ቀረፀውና በ1991 መጀመሪያ በብሪታንያ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ሜይደን አንደኛ የወጣበት ብቸኛ ነጠላ ዜማ እሱ ነው። ለእኔ ይህ ስኬት ስለ ዘፈኑ የሚናገረው ነገር አለ፤ ያለ ብዙ ችግር ወደ ባንዱ የተሻገረው መጀመሪያም በባሕርዩ የባንዱ ዘፈን ስለነበረ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያስተምራል። ዲኪንሰን ለግል ሥራው የደረሰው ዘፈን በ2015 «ኢፍ ኢተርኒቲ ሹድ ፌይል» ተብሎ የሜይደን አልበም መክፈቻ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ «ኢተርኒቲ ሃዝ ፌይልድ» ተብሎ በ«ዘ ማንድሬክ ፕሮጀክት» ላይ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። የባንዱ ቅጂ ከ8 ደቂቃ በላይ ነው፤ መሐሉ ላይ ምቱ ይፈጥንና ጊታሮቹ ዘፈኑን ይረከባሉ። የግሉ ቅጂ ከአንድ ደቂቃ በላይ ያጥራል፤ ከድምፁም ብዙ አይርቅም። ሁለቱን ተከታትሎ የሰማ ሰው የግል አልበም ምን እንደሆነ በጆሮው ይረዳል። የባንዱ ቅጂ የከፋ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም መክፈቻው የሚያስፈራ ግርማ አለው።

«እንግዲያው ከባንዱ በራቀ ቁጥር አልበሙ ይሻላል ማለት ነው?» ይባል ይሆናል። አይደለም፤ ይህን የሚያፈርሰውም ራሱ ዲኪንሰን ነው። በ1996 «ስካንክወርክስ»ን ሲሠራ የኒርቫናን «ብሊች» የቀረፀውን ጃክ ኤንዲኖን ፕሮዲውሰር አድርጎ በጊዜው የነገሠውን የአሜሪካ ሮክ ተጠጋ። ከሜይደን በጣም ርቋል፤ ድምፁ ግን ከአንዱ ቤት ወጥቶ የሌላ ሰው ቤት የገባ እንግዳ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ያኔ ከሜይደን ውጭ ከነበረው ጊታሪስት ከኤድሪያን ስሚዝና ከካሊፎርኒያው ሮይ ዚ ጋር ወደ ሜታል ተመለሰ፤ በ1998 ደግሞ «ዘ ኬሚካል ዌዲንግ» መጣ። በዚህ አልበም ጊታሮቹ ዝቅ ብለው ተቃኝተዋል፤ ምቱ ከብዶ ይራመዳል፤ ግጥሙ ከገጣሚውና ሠዓሊው ዊልያም ብሌክ ዓለም ይቀዳል፤ የብሌክ ሥዕልም ሽፋኑ ላይ አለ። የሙዚቃው ዓይነት ከሜይደን ብዙም አይርቅም፤ ድምፁ የቆመበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ጊታሩ ታች ስለወረደ ከላይ ሰፊ ቦታ ተከፈተ፤ ዲኪንሰንም አንዲቱን ቃል ሳይቸኩል ይዟት ይቆያል። በ1994 የወጣው «ቲርስ ኦፍ ዘ ድራገን»ም እንዲሁ ነው፤ በመሐሉ የሬጌ ሽታ ያለው ምት የሚገባበት የሐዘን ዘፈን ሜይደን ይጫወታል ብሎ የሚያስብ የለም።

የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ሜይደን በዚያው በ2015 አልበም ዲኪንሰን ብቻውን የደረሰውን 18 ደቂቃ የሚፈጅ፣ በፒያኖ የሚጀምር «ኢምፓየር ኦፍ ዘ ክላውድስ» ተጫውቷል። ባንዱ ይህን ያህል ቦታ ከሰጠው የግል አልበም ለምን አስፈለገ? እውነት ነው፣ ሰጥቶታል፤ ያ ግን በአንድ ረጅም አልበም መዝጊያ ላይ የተሰጠ አንድ ዘፈን ነው። የአንድ ሰው ሐሳብ ከመጀመሪያው ትራክ እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ የሚገኘውን አንድነት በዚህ መልክ ማግኘት አይቻልም።

ዕድሜንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ዲኪንሰን በ2015 የምላስ ካንሰር መታከሙ ይታወቃል፤ «ዘ ማንድሬክ ፕሮጀክት» ሲወጣ 65 ዓመቱ ነበር። ከፍተኛዎቹን ኖታዎች እየቆጠረ ከ1982ቱ ወጣት ጋር የሚያወዳድር አድማጭ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። የአንጋፋ ድምፅ ጥራት የሚታየው ዝቅ ሲል፣ ትንፋሹ ሲሰማ፣ ከመዝፈን ወደ መናገር ሲሻገርና አድማጩን ይዞ ሲቆይ ነው። «ሬይን ኦን ዘ ግሬቭስ» ላይ ዘፈኑን የሚሸከመው እንደ ተዋናይ የሚናገረው ክፍል ነው። አልበሙን የሚዘጋው፣ 10 ደቂቃ ገደማ የሚወስደው «ሶናታ» ደግሞ በኪቦርድ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሩጫን የማያውቅ ዘፈን ነው። ሮይ ዚ ጊታሩንም ቤዙንም ይዟል፤ ከበሮና ኪቦርድ ተጨምረው ሥራው በጥቂት እጆች ተጠናቋል፤ ይህም ይሰማል። ጉድለት የለውም አልልም፤ አንዳንዱ አዝማች ከ«ኬሚካል ዌዲንግ» ጋር ሲተያይ የሳሳ ነው፤ ከአልበሙ ጋር የተያያዘው የኮሚክ መጽሐፍ ታሪክም ለዘፈኖቹ ብዙ አይጨምርም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ከሰባቱ አንደኛው «ዘ ኬሚካል ዌዲንግ» ነው፤ «ዘ ማንድሬክ ፕሮጀክት» «ሶናታ»ን ስለያዘ ብቻ እንኳ ሁለተኛነቱን አልነፍገውም። ለዲኪንሰን አዲስ የሆነ አድማጭ «ሶናታ»ን አስቀድሞ ይስማ፤ የሜይደን ደጋፊ ደግሞ የ2015ቱንና የ2024ቱን ቅጂ ተከታትሎ ሰምቶ የራሱን ፍርድ ይስጥ።