የበዛብህ ተሰጥዎና የመምህሩ ዓይን
«ፍቅር እስከ መቃብር» ከትምህርት አንጻር ሲታይ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ ማንኩሳን አቋርጦ ያልፋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ፣ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ከተተረከ ወዲህ፣ ይህች ስፍራ የበዛብህ የትውልድ አገር በመሆን በአንባቢውም በአድማጩም ዘንድ ታውቃለች። መጽሐፉ እስከ ዛሬ በብዛት የተተቸው እንደ ፍቅር ታሪክ ወይም የባላባቱን ሥርዓት እንደሚያጋልጥ ሥራ ተቆጥሮ ነው። ሁለቱም አስተያየቶች ተገቢዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ይበልጥ የሚጠቅም ሌላ ንባብ ያለ ይመስለኛል። መጽሐፉ ልዩ ተሰጥዎ የነበረው የአንድ የገጠር ልጅ ታሪክ ነው፤ ያ ተሰጥዎም የሚገባውን ፍሬ ሳያፈራ ቀርቷል። በዚህ ጽሑፍ መጽሐፉን ከዚህ አንጻር መርምሬ፣ ለዛሬው የመማሪያ ክፍል የሚሰጠውን ትምህርት ለማመልከት እሞክራለሁ።

በዛብህ ትምህርት የሚገባው ልጅ ነው። ዳሩ ግን ችሎታው ገና ሳይታወቅ መንገዱ ተቆርጦለታል፤ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሰጥተውታልና። ከቤተ ክህነት ትምህርት ገብቶ በቅኔ የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሁሉ ዕውቀት የወሰደው ወደ አንድ ባላባት ቤት ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ታዘዘ፤ የተከተለውን መከራ አንባቢ ያውቀዋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር በዛብህ የተሸነፈው በችሎታ ማነስ አለመሆኑን ነው። ኅብረተሰቡ ተሰጥዎውን ለምን እንደሚያውለው አስቀድሞ ወስኖ ነበር፤ ልጁ ከውሳኔው ውጭ መሆን በፈለገ ጊዜ የሚያስጠጋው በር አላገኘም።

ሁለተኛው ምስክር ካሣ ዳምጤ ነው። ይህ ሰው ሌሎች እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተቀበሉትን ልማድ ይመረምራል፤ ለምን ብሎ ይጠይቃል። የአገሩ ሰው ለጥያቄው መልስ በመስጠት ፈንታ «ጉዱ ካሣ» የሚል ስም ሰጠው። ስሙ አንዴ ከወጣለት በኋላ የሚናገረውን የሚያዳምጥ አልተገኘም። እያንዳንዱ መምህር በክፍሉ ውስጥ አንድ ጉዱ ካሣ እንዳለ ቢያስብ አይሳሳትም።

ይህን የምለው ካየሁት ተነሥቼ ነው። የዕጩ መምህራንን የማስተማር ልምምድ ለመገምገም በምዕራብ ጎጃም ገጠር ስዘዋወር፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተከታትዬ ነበር። ትምህርቱ የአራት ማዕዘን ስፋት ነው፤ ርዝመት በወርድ ይባዛል። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ የአባቴ ማሳ እኮ አራት ማዕዘን አይደለም፤ አንድ ጎኑን ቦይ ቆርጦታል። እሱስ በምን ይለካል?» ብሎ ጠየቀ። ዕጩ መምህሩ «ከትምህርቱ አትውጣ» አለው፤ ልጆቹም ሳቁ። በዕረፍት ሰዓት ልጁን አስጠርቼ ማሳውን መሬት ላይ እንዲስለው ብጠይቀው፣ በእንጨት ጫፍ ሥሎ ማንም ሳያስተምረው በሦስት ማዕዘኖች ከፋፈለው። የውጤት መዝገቡን ስመለከት ግን ከ58 ተማሪዎች 41ኛ ነበር። የቤት ሥራ አይሠራም፤ በበርበሬ ለቀማ ወራት ይቀራል፤ ጽሕፈቱም አይነበብም። የክፍሉ ኃላፊ «ሰነፍ ነው፣ አፉ ብቻ ነው» አሉኝ። ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በማሠልጠኛችንም ስለ ባለ ልዩ ተሰጥዎ ተማሪዎች የምናስተምረው ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን አንደኛ ስለሚወጣው ልጅ እንጂ 41ኛ ስለሚወጣው አይደለም።

ተሰጥዎ ያለውን ተማሪ መርጦ ማስተማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የበዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። ብዙ የአገር ባለሙያዎችንም አፍርተዋል። ነገር ግን የምርጫው ወንፊት ፈተና ነው፤ ፈተናም የሚያሳየው አስቀድሞ የተሳካለትን ልጅ ነው። ችሎታው ከውጤቱ የሚበልጥ ተማሪ በእንዲህ ያለው ወንፊት አያልፍም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ዓላማው መልካም ነው፤ ሆኖም ከወረቀት ወደ ጥቁር ሰሌዳው የሚያሸጋግረው የመምህሩ ዓይን ነው።

ዓይኑን ለማሠልጠን ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በዛብህ ያለፈበት የቅኔ ቤት በጎጃም ምድር ከጥንት የኖረ ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ በቅኔው ዓለም የታወቁ ቤቶች ናቸው። በዚያ ሥርዓት ተማሪው በዕድሜው ወይም በገባበት ዓመት አይመደብም። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ አንዱን ሲችል ወደሚቀጥለው እየተሻገረ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይደርሳል። ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይጠብቅም፤ ዘገምተኛውም ሳያውቅ አይገፋም። የሚፈተነውም የሌላውን ቃል በመድገም ሳይሆን፣ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት በማቅረብ ነው። በዚህ ቤት ያልተጠበቀ ነገር መናገር ከትምህርቱ መውጣት አይባልም፤ የትምህርቱ ግብ እርሱ ነው።

ያም ሆኖ የቅኔን ቤት ያለ ነቀፋ ማወደስ አይገባም። የቆሎ ተማሪው ለምኖ ያድራል፤ የታመመውና አቅም ያጣው በመንገድ ይቀራል። በሩም ለሴቶች ልጆች የጠበበ ነበር። ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ማስተማራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሳቸው የቅኔ መምህር ልጅ ነበሩ፣ ትምህርቱን ከቤታቸው አግኝተውታል። በየመንደሩ አባታቸው የቅኔ መምህር ያልሆኑ ስንት ገላነሾች እንደቀሩ ማን ቆጠረ? ሰብለ ወንጌልም ፊደል ያገኘችው ወላጆቿ ለዘሯ የሚመጥን ባል ሲጠብቁ ዕድሜዋ ካለፈ በኋላ ነው።

በመጽሐፉም ላይ አንድ ነቀፋ አለኝ። ደራሲው የበዛብህን ጎበዝነት ይነግረናል እንጂ፣ ሲሳሳትና ሲታረም፣ ሲሰለችና ሲነሣ እምብዛም አያሳየንም። ይህ አጻጻፍ በመምህራን ዘንድ የተለመደውን አሳብ ያጠናክራል፤ ጎበዝ ልጅ ረዳት አያሻውም፣ ራሱ ይወጣዋል የሚለውን ማለቴ ነው። እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። የሚያውቀውን ትምህርት በየቀኑ እንዲደግም የሚገደድ ልጅ ወይ ይረብሻል፣ ወይ ዝም ይላል፤ ቆይቶም በእውነት ወደ ኋላ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ መምህሩ የቃልና የጽሑፍ ውጤትን ጎን ለጎን ይመዝግብ። በቃል የሚመልስ፣ በጽሑፍ የሚወድቅ ተማሪ ካለ ልዩነቱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ይፈለግ። ሁለተኛ፣ አንድ ምዕራፍ ማወቁን በአጭር ፈተና ያረጋገጠ ተማሪ፣ ያንኑ መልመጃ በመድገም ፈንታ ከአካባቢው ችግር የተወሰደ ሥራ ይሰጠው፤ ለዚያ ልጅ የአባቱ ማሳ ከመጽሐፉ ይልቅ ጥሩ መልመጃ ነበር። በቅኔ ቤት እንደሚደረገው የበሰለው ተማሪ ታናናሾቹን ቢያስጠና ይጠቀማል፤ ግን የመምህሩ ምትክ ሆኖ የራሱ ትምህርት እንዳይቀርበት መጠን ይኑረው።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ሁለት ነገር አመለክታለሁ። አንደኛው የመሸጋገሪያው ጉዳይ ነው። የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከወላጆቹ ቤት ተሸክሞ ይማራል፤ ከቆሎ ተማሪው ኑሮ ብዙ አልራቀም። ስንቁ ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ኪራይ ቤቱ ራሱ ሥጋት ነው። ስለዚህ ለነዚህ ልጆች የሚመደብ ድጎማ ከፈተና ውጤት በተጨማሪ የመምህራንን ምስክርነት ይቀበል። ሁለተኛው፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ከነዚህ መካከል በቤታቸው የታላቅ ወንድማቸውን ወይም የእኅታቸውን መጽሐፍ ያነበቡ አሉ። ሲመለሱ ሁሉንም በተውት ክፍል ማስቀመጥ ለመዝገብ ይመቻል፤ ለልጆቹ ግን ሁለተኛ በደል ነው። እንደ ቅኔ ቤቱ የሚያውቁት ተመዝኖ፣ በሚመጥናቸው ደረጃ ይመደቡ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህን ለሞት በመንገድ ላይ ጣለው፤ ይህ የደራሲ ሥልጣን ነው። ያንን የማሳ ጠያቂ ልጅ በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ተመልሼ ብሄድ ከክፍሉ አልነበረም፤ የት እንደሄደም መዝገቡ አይናገርም። ስሙ ግን በ41ኛው መስመር ላይ አለ። በገበዝ ማርያም፣ በማንኩሳም ሆነ በቡሬ ዙሪያ የምታስተምሩ መምህራን፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ የክፍላችሁን የውጤት መዝገብ ገልጣችሁ፣ ከታች ካሉት ስሞች መካከል ባለፈው ወር ያልተመለሰ ጥያቄ የጠየቃችሁ ልጅ ይኖር እንደሆነ እንድትመለከቱ አደራ እላለሁ።