በራ፣ ጠፋ፣ ሂሳብ!

የየሰፈራችን መብራት ሠሪ ሥራው ማለቁን የሚያበስረን አዲሱን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ፣ ቀጭ አድርጎ ነው። በራ፤ ጠፋ። «ይኸው ጋሼ!» እኛም ሂሳቡን ከፍለን፣ አመስግነን እንሸኘዋለን።

ግን ምኑን ነው ያጠፋው? እኔን የሚያንገበግበኝ ይቺ ናት። ማብሪያ ማጥፊያ መቁረጥ ያለበት ፌዙን፣ ማለትም ኃይል ይዞ የሚመጣውን ሽቦ ነው። ኒውትራሉን ቢቆርጠውም አምፖሉ እኮ ይጠፋል! 220 ቮልቱ ግን አምፖል መያዣው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ነገ የቤት ሠራተኛዋ «አጥፍቼዋለሁ» ብላ ወንበር ላይ ትወጣና አምፖል ልትቀይር እጇን ትሰዳለች። የቀረውን መናገር አልፈልግም።

ስለዚህ ሠሪውን ከመሸኘታችሁ በፊት፣ ማብሪያው ጠፍቶ አምፖል መያዣው ላይ በቴስተር እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የትኛውም ጫፍ ቴስተሩን ማብራት የለበትም። በሽቦ ቀለም አትመኑ፤ ብዙ ቤት የተዘረጋው በተገኘው ቀለም ነው። አንዱን ይህን ብጠይቀው «በርቷል አይደል እንዴ?» ብሎ ተቀየመኝ።

ሌላም ጉድ አለ። «መብራት ሄዷል፤ ብሬከር ማውረድ ለምኔ?» ብለው ሽቦ የሚልጡ አሉ። የኛ መብራት ሲሄድ ደህና ሁኑ ብሎ ነው እንዴ፣ ሲመጣ የሚያስፈቅደው?

መቀጣጠያውንማ ተዉት። ባለ ብሎን ማገናኛ ሲገባው እንዲያው የተጠማዘዘ፣ የሚግልና የሚያስለበልብ ሽቦ ብዙ አይቻለሁ። አንዱማ የተጠቀለለው በፌስታል ነበር፤ የሱቁ ስም ሳይቀር ይነበባል።