የሰው ዜማ በራስ ጉልበት

ሄቪ ሜታል ሲነሳ ከመካከላችን ብዙዎቹ «አቦ ጩኸት ነው!» ብለው ያልፉታል። ጩኸትነቱን አንክድም። ነገር ግን አንድን የኪነት ሥራ ጮኸ ብሎ መተው ሂስ አይባልም፤ ለምን ጮኸ፣ ምን ይዞ ጮኸ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ስለዚህ በዚህ እትም አንዲት አጭር ሸክላ እንመረምራለን፤ የአሜሪካው ባንድ ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1987 ያወጣትን «ጋራዥ ዴይስ ሪ-ሪቪዚትድ»ን።

ርዝመቷ 25 ደቂቃ ያህል ነው። ከያዘቻቸው ዘፈኖች አንዱም የባንዱ ድርሰት አይደለም፤ ሁሉም የሌሎች ናቸው። ነጋዴው እንዳያስወድድባት ዋጋዋ 5 ዶላር ከ98 ሳንቲም መሆኑ ከነስሟ ጋር ሽፋኗ ላይ ተጽፏል። ቡና በሚሸጥበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ቀልድ ብቻ ሆኖ አይታየንም።

የሸክላዋን ጠባይ ለመረዳት አንድ ዓመት ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በሴፕቴምበር 1986 የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ክሊፍ በርተን ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሞተ። በእሱ ቦታ ጄሰን ኒውስተድ ገባ፤ ከባንዱ ጋር የቀረጸው የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ነው። ጓደኛቸውን የቀበሩት ልጆች አዲስ ድርሰት ከማውጣታቸው በፊት በወጣትነታቸው ወደሰሟቸው ዘፈኖች ተመለሱ። ታዲያ ይህ ስንፍና ነው? አይመስለንም። አዲሱ ሰው ከነባሮቹ ጋር እጁን የሚያፍታታው በሚታወቅ ዜማ ነው። ደግሞም ቤዙ እዚህ ጎልቶ ይሰማል፤ በ1988 በወጣው «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» ላይ ግን ያው ቤዝ የለም እስኪባል ድረስ ተቀብሯል።

ዘፈኖቹ በአብዛኛው የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የዌልስ ባንዶች ናቸው፤ ዳያመንድ ሄድ፣ ሆሎኮስት፣ ኪሊንግ ጆክና በጂ። ሜታሊካ ጊታሩን አክብዶ፣ ከበሮውን አጥብቆ እንደገና ሠራቸው። ለእኛ ከሁሉም የሚልቀው የሆሎኮስቱ «ዘ ስሞል አወርስ» ነው፤ ቀስ ብሎ እየተጎተተ የሚመጣ ከባድ ዜማ ስለሆነ ጉልበት ፍጥነት ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። መጨረሻ ላይ የተቀጠሉት ሁለት የሚስፊትስ ዘፈኖች ግን አከራክረውናል። የመጀመሪያው ግጥም ግድያንና አስገድዶ መድፈርን ለማስደንገጥ ሲል ብቻ ይፎክርበታል። ቅርጹ ያማረ ሆኖ ይዘቱ እንዲህ ከረከሰ «ቀልድ ነው» ማለት አያድነውም።

የሰውን ዜማ ወስዶ በራስ መንገድ መሥራት ለእኛም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒውዮርክ ላይ ባወጣው «አፍሮ-ላቲን ሶል» ጥንታዊውን የጀግንነት ዘፈን «አይፈራም ጋሜ አይፈራም»ን በስፓኒሽ አዘፍኖታል። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላን ከአንደበት ወደ ሳክስፎን አምጥቶ፣ በ2006 ከሆላንዱ የፓንክ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን አወጣ። ያን የሰማ ሰው የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸትና ፉከራ ዘመዳሞች መሆናቸውን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

የአጋሮ ሰው ይህን በቡና ያውቀዋል። ከአንድ ዛፍ የተለቀመ እሸት ቡና ግማሹ ይታጠባል፣ ግማሹ ጀንፈል ሆኖ ይደርቃል። ፍሬው አንድ ነው፤ ስኒ ላይ ሲቀርብ ግን ጣዕሙ ለየቅል ነው። አንዱ የሌላው ቅጂ ነው የሚል የለም። ነገር ግን ቡናው ሌላም ነገር ያስተምረናል። በ2008 ማብቂያ ቡና በምርት ገበያ መሸጥ ሲጀምር የየገበሬው ምርት በደረጃና በአካባቢ ስም ተቀላቅሎ የአምራቹ ስም ጠፋ። በኪነት መድረካችንም የሚሆነው ይኸው ነው።

ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። ሜታሊካ የባለቤቶቹን ስም ጽፏል፤ የሚገባቸውም ክፍያ ደርሷቸዋል። የዳያመንድ ሄዱ ጊታሪስት ብራያን ታትለር ሜታሊካ ከተጫወተላቸው ዘፈኖች ያገኘው ገንዘብ ኑሮውን እንደደገፈው ራሱ ተናግሯል። ሚስፊትስንም ከሜታሊካ አፍ ሰምቶ የፈለገው ወጣት ብዙ ነው። በእኛ አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ በየሆቴሉና በየግቢው ግን ዘፈን ሁሉ «የእገሌ» ተብሎ በድምፃዊው ብቻ ይጠራል። ገጣሚው ማን ነው? ዜማውንስ ማን ደረሰው? ጠያቂም የለ!

«ኮፒ ነው የሚጫወቱት» እየተባሉ የሚናቁ የግቢያችንና የአካባቢያችን ከተሞች ልጆች አሉ። እኛ አንንቃቸውም። የምንጠይቃቸው ሁለት ነገር ነው፤ ዜማውን ሲያነሱ የራሳቸውን ጉልበት ይጨምሩበት፣ ከመጀመራቸውም በፊት የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም በማይክሮፎን ይጥሩ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅ። በሚቀጥለው የኪነት ምሽት መድረክ መሪው ይጀምረው፤ ካልጀመረ ከታች ሆነን «የማን ነው?» ብለን እንጮኻለን። ጩኸት እንዲህ ባለ ጊዜ ይጠቅማል።